ዝላይ የሚችል ብስክሌት በመጠነኛ ዋጋ፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ፍሪራይድ የሚባለው የተራራ ብስክሌት ግልቢያ በ1990ዎቹ በካናዳ፣ ከቫንኩቨር ከተማ አጠገብ ባሉት የኖርዝ ሾር ተራሮች ላይ የጎለበተ ነው። ከአለት አፋፍ መውረድ፣ ከአፈር ቁልል ላይ መዝለል፣ በጠባብ የእንጨት ድልድይ ላይ መንዳት የዚህ ግልቢያ የዘወትር ሥራ ነው። ለዚህ ተብሎ የተሠራ ብስክሌት ፊቱም ኋላውም ምት በሚያበርድ ሾክ ከ160 እስከ 180 ሚሊ ሜትር፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ ይታመቃል። ዋጋውም የዚያኑ ያህል ይከብዳል። ሰሞኑን ከደረሱን ደብዳቤዎች ብዙዎቹ “ርካሹን ብገዛ ይቆይልኛል ወይ?” የሚሉ ስለሆኑ ይህን አምድ ለእነሱ ሰጥተነዋል። ከሁሉ አስቀድመን ግን አንድ ነገር እንበል፦ እንዲህ ያለውን ብስክሌት የሚሰብረው ማረፊያው ነው። ብስክሌቱ ከዝላይ ወርዶ መሬት ሲነካ ምቱን የሚቀበሉት ክፍሎች ጥቂት ናቸው፤ ገንዘብዎም መዋል ያለበት እነሱ ላይ ነው።

ጥያቄ (ከሲያትል)፦ የ17 ዓመት ልጄ ፍሪራይድ ጀምሯል፤ ክብደቱ 70 ኪሎ ነው። በአንድ ትልቅ መደብር ፊትና ኋላ ሾክ ያለው ባለ 21 ማርሽ ብስክሌት በ300 ዶላር አየሁ። የብስክሌት ሱቁ ደግሞ ከ2,000 ዶላር በታች ለዚህ ሥራ የሚሆን አዲስ ብስክሌት የለም ይለኛል። ልዩነቱ የስም ነው ወይስ የዕቃ?

መልስ፦ የዕቃ ነው። እዚያው መደብሩ ውስጥ ቆመው ማረጋገጥ ይችላሉ።

መጀመሪያ ፍሬሙ ላይ የተለጠፈውን ምልክትና አብሮ የሚመጣውን መመሪያ ያንብቡ። ኤ.ኤስ.ቲ.ኤም ኤፍ2043 የተባለው የአሜሪካ መመዘኛ ብስክሌቶችን እንደ አገልግሎታቸው በደረጃ ይከፍላል። ደረጃ 3 ሻካራ መንገድና ከ61 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ከፍታ ላይ መዝለልን ይፈቅዳል። ደረጃ 4 እስከ 122 ሴንቲ ሜትር ያደርሰዋል። ደረጃ 5 ለከባድ ዝላይና ለቁልቁለት እሽቅድድም ነው። ፍሪራይድ የሚነዳ ሰው ደረጃ 5፣ ቢያንስ ደረጃ 4 ያስፈልገዋል። በመደብር የሚሸጡ ባለ ሁለት ሾክ ርካሽ ብስክሌቶች ብዙዎቹ “ለዝላይ አይደለም” የሚል ማስጠንቀቂያ ተለጥፎባቸው ይመጣሉ። ይህ ለወግ የተጻፈ አይደለም፤ ፍሬሙ ሲሰበር አምራቹ ዋስትናውን የሚከለክለው በዚህችው ጽሑፍ ነው።

ቀጥለው የኋላውን ጎማ ይመልከቱ። ባለ 21 ማርሽ ማለት ከፊት 3፣ ከኋላ 7 ባለ ጥርስ ቀለበት ማለት ነው። በዚህ ዋጋ የኋላው ጥርስ ብዙውን ጊዜ ሃቡ (የጎማው እምብርት) ላይ እንደ ክዳን ተጠምዝዞ የሚገባ ፍሪዊል ነው። በዚህ አሠራር የቀኙ ኩሽኔታ ከጥርሶቹ ወደ ውስጥ ገብቶ ስለሚቀመጥ፣ 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው አክሰል ጥርሶቹ በያዙት ርዝመት ሁሉ ደጋፊ የለውም። ልጁ ከአንድ ሜትር ከፍታ ሲያርፍ አክሰሉ እዚያው ላይ ይጎብጣል፣ ከዚያም ይሰበራል። ካሴት የሚባለው ተንሸራትቶ የሚገባ የጥርስ ስብስብ በሚገጠምበት የሺማኖ ዓይነት ሃብ ግን ኩሽኔታው ወደ ፍሬሙ ጠርዝ ወጥቶ ስለሚቀመጥ ይህ ችግር በእጅጉ ይቀንሳል። ከዚያም የተሻለው 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ኖሮት ፍሬሙን ከዳር እስከ ዳር ሰንጥቆ የሚያልፈውና ተጠምዝዞ የሚጠብቀው አክሰል ነው። የዛሬ ፍሪራይድ ብስክሌት ያለዚህ አይሠራም። ከፊትም 15 ወይም 20 ሚሊ ሜትር ይሁን። በማንሻ የሚጠብቅ ቀጭን አክሰል ካዩ ብስክሌቱ ለዝላይ እንዳልተሠራ ይወቁ።

የፊት ሹካው የላይኛ እግር ውፍረትም ብዙ ይናገራል። በርካሾቹ ላይ 28 ወይም 30 ሚሊ ሜትር፣ የሚታመቀውም 100 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ለፍሪራይድ የተሠሩት ከ35 ሚሊ ሜትር ይጀምራሉ፤ 36 እና 38 የተለመዱ ናቸው። የመሪው ቱቦ ከላይ ጠባብ ሆኖ ከታች የሚሰፋ ይሁን፤ የታችኛው ኩሽኔታ ትልቅ ሲሆን ምቱ ሰፋ ባለ የብየዳ ዙሪያ ይከፋፈላል።

በ300 እና በ2,000 መካከል ምንም የለም ማለታችን ግን አይደለም። ለልጅዎ የምንመክረው ኋላው ሾክ የሌለው፣ ጠንካራ የአሉሚኒየም ወይም የክሮሞሊ ብረት ፍሬም ያለው፣ ከፊቱ 130 ወይም 140 ሚሊ ሜትር የሚታመቅ ደህና ሹካ የተገጠመለት ብስክሌት ነው። ሾክ፣ መታጠፊያና ኩሽኔታ ላይ ይወጣ የነበረው ገንዘብ ወደ ሹካው፣ ወደ ጎማውና ወደ ፍሬኑ ይሄዳል። ልጁ በእግሩ ምት መቀበልንም ይማርበታል። ሁለተኛው መንገድ ያገለገለ መግዛት ነው፤ ቀጣዩን መልስ ያንብቡ።

ጥያቄ (ከዴንቨር)፦ የ2017 ሞዴል የሆነ ያገለገለ ፍሪራይድ ብስክሌት በ1,600 ዶላር ቀረበልኝ። ሻጩ “ብዙ አልተነዳም” ይላል። በግማሽ ሰዓት ውስጥ እውነቱን እንዴት ልወቅ?

መልስ፦ ይቻላል። የእጅ ባትሪ፣ የአለን ቁልፎች፣ ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ፣ ትንሽ አልኮልና የሰንሰለት መለኪያ ይዘው ይሂዱ። ብስክሌቱ ታጥቦ እንዲጠብቅዎ አስቀድመው ይንገሩ፤ ጭቃ ስንጥቅ ይደብቃል።

ከፍሬሙ ይጀምሩ፤ ፍሬሙ ከተሰነጠቀ የቀረውን መመርመር አያስፈልግም። አሉሚኒየም ከብረት የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው፦ ምቱ ትንሽ ቢሆንም እንኳ በተደጋገመ ቁጥር ይደክማል፣ ድካሙም አይመለስም። ስለዚህ ስንጥቅ የሚፈልጉት ጭነት በሚጠራቀምበት ቦታ ነው፦ የታችኛው ቱቦ ከመሪው ቱቦ ጋር በተበየደበት ሥር፣ እዚያው ማጠናከሪያ ቁራጭ ካለ በቁራጩ ጫፍ፣ የሾኩ ማሰሪያ ዙሪያ፣ የኮርቻው ቱቦ አናት፣ እና የኋላው ክንድ ወደ መታጠፊያው በሚደርስበት ቦታ። ጭረትና ስንጥቅ ይመሳሰላሉ። ለመለየት ጨርቁን በቀስታ ይጎትቱበት፤ ስንጥቅ ከሆነ ክሩን ይይዛል። ካልተያዘና ጥርጣሬ ካለዎት ቦታውን በአልኮል ያርጥቡት፣ ወዲያው ይጥረጉትና ለአንድ ደቂቃ ይዩት። የላይ ጭረት ወዲያው ይደርቃል። ስንጥቅ ግን የዋጠውን ፈሳሽ መልሶ ስለሚያወጣ መስመሩ እንደገና ጠቁሮ ይታያል። ቀለም ብቻውን በብየዳው ዳር ዳር ተሰንጥቆ ካዩም አይለፉት፤ ከሥሩ ያለው ብረት እየተለጠጠ መሆኑን ሊያመለክት ይችላል። የታችኛው ቱቦ ሆድ ላይ ስርጉድ ካለ በጣትዎ ይዳስሱት፤ ጠርዙ የሾለ ስርጉድ ያለበትን ፍሬም አንገዛም።

ከዚያ መታጠፊያዎቹ። ከብስክሌቱ ኋላ ቆመው ኮርቻውን በአንድ እጅ ይያዙና የኋላውን ጎማ ወደ ግራና ቀኝ ይግፉት። ከዚያ ኮርቻውን ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ዝቅ ያድርጉ። ጎማው ሳይነሳ “ቀጭ” የሚል ድምፅ ከተሰማዎት ወይ ኩሽኔታ አልቋል፣ ወይ የሾኩ ዓይን (የሚታሰርበት ቀዳዳ) ውስጥ ያለው ቡሽ የሚባለው ቀለበት ላልቷል። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ጣትዎን በሾኩና በፍሬሙ መገናኛ ላይ አድርገው ሌላ ሰው ኮርቻውን ያንሳው፤ እንቅስቃሴው በጣትዎ ላይ ይታወቃል። ቡሽ ከሆነ በጥቂት ዶላር ይተካል። ኩሽኔታ ከሆነ ሙሉ ስብስብ ሊያስፈልግ ነው። ኩሽኔታው አልቆ ለብዙ ጊዜ የተነዳ ከሆነ ደግሞ መቀመጫው ራሱ ሞላላ ሆኖ ይሰፋል። አዲስ ኩሽኔታ በጣት ግፊት ብቻ ገብቶ ከተቀመጠ ያ ፍሬም አብቅቶለታል።

ሹካውን ሲያዩ የፊት ፍሬኑን ይያዙና ብስክሌቱን ወደፊትና ወደኋላ ያናውጡት። አንድ እጅዎን በመሪው ቱቦ ታች፣ ቀጥለውም የላይኛው እግር ወደ ታችኛው በሚገባበት ቦታ ላይ ያድርጉ። መጀመሪያው ጋ ከተናወጠ የመሪው ኩሽኔታ መጥበቅ ወይም መቀየር አለበት፤ ቀላል ነው። ሁለተኛው ጋ ከተናወጠ በሹካው ውስጥ ያሉት ቡሾች አልቀዋል፤ ይህ ውድ ሥራ ነው። የላይኛውን እግር በጥፍርዎ ከላይ እስከ ታች ይዳስሱ። ጥፍር የሚይዝ ጭረት ሲል የሚባለውን የዘይት ማሸጊያ ጎሚኒ ይበጣዋል፣ ዘይትም በዚያ ይወጣል። ከእግሩ ላይ ያለው ሽፋን ተፍቆ ነጭ ብረት የሚታይበት ቦታ ካለ ሹካው ለረጅም ጊዜ ዘይቱ አልተቀየረም ማለት ነው። የሹካ አምራቹ ሮክሾክስ የታችኛው እግር ዘይት በየ50 ሰዓቱ፣ ሙሉ ጥገናው በየ200 ሰዓቱ እንዲደረግ ያዛል። ሻጩን “መቼ ተጠገነ? ደረሰኙ አለ?” ብለው ይጠይቁት። ብዙ ያልተነዳ ብስክሌት ባለቤት ለዚህ ጥያቄ መልስ አያጣም።

ጎማውን አንስተው ያሽከርክሩት። ቸርኬው ቢወላገድ በስፖክ ማስተካከል ይቃናል፤ ጠርዙ ላይ ጥርስ የሚመስል ስርጉድ ካለበት ግን ያለ ከመነዳሪ አየር አይዝም። ስፖኮቹን ሁለት ሁለቱን በጣትዎ ይጫኑ፤ በአንድ ወገን ያሉት ተመሳሳይ ጥብቀት ሊኖራቸው ይገባል። 32 ስፖክ ቢሆን ይመረጣል።

የሚያልቁ ዕቃዎችን በመለኪያ ይዩ። ሰንሰለቱ ባለ 11 ወይም 12 ማርሽ ከሆነ 0.5 በመቶ ሲረዝም፣ ባለ 10 እና ከዚያ በታች ከሆነ 0.75 በመቶ ሲረዝም ይቀየራል። ከዚህ ካለፈ ካሴቱም አብሮ አልቋል ብለው ያስቡ። የሺማኖ ዲስክ አዲስ ሲሆን 1.8 ሚሊ ሜትር ነው፣ 1.5 ሲደርስ ይጣላል። የፍሬን ሸራው ላይ ያለው ማቴሪያል ግማሽ ሚሊ ሜትር ከቀረው አብቅቷል።

የፔዳሉ ማዕከል ሥር የተቀረጸውን ተከታታይ ቁጥርም ባይክ ኢንዴክስ በተባለው የተሰረቁ ብስክሌቶች መዝገብ ላይ ፈልጉት። ቁጥሩ ተፍቆ ከሆነ በዋጋ ሳይከራከሩ ይሂዱ።

አሁን ወደ ዋጋው። ያገኙትን ጉድለት ሁሉ በወረቀት ይጻፉና በአካባቢዎ ሱቅ የእያንዳንዱን ዋጋ ይጠይቁ። ለምሳሌ የሹካና የሾክ ሙሉ ጥገና 350፣ ኩሽኔታ 120፣ ሰንሰለትና ካሴት 150፣ የፍሬን ሸራ 50፣ ሁለት ጎማ 140 ቢሆን ድምሩ 810 ዶላር ነው። ያ ብስክሌት እንግዲህ 1,600 ሳይሆን 2,410 ዶላር ነው። የጥገናው ወጪ ከተጠየቀው ዋጋ ሲሶ በላይ ከሆነ ወይ በዚያው መጠን ያስቀንሱ፣ ወይ ይተዉት።

ከ2017 በጣም የቆየ ብስክሌት በርካሽ ከቀረበልዎ ደግሞ የመለዋወጫውን ነገር አስቀድመው ያጣሩ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የነበረው የስፔሻላይዝድ ቢግ ሂት ከኋላው 24 ኢንች ጎማ ነበረው፤ ለዚህ የሚሆን ጠንካራ ጎማ ማግኘት ዛሬ ጭንቅ ነው። ማርዞኪን ፎክስ በ2015 ከገዛው በኋላም የድሮዎቹ የማርዞኪ ሹካዎች መለዋወጫ እየጠፋ ሄዷል። ፍሬሙ ብረት የሚያክል ቢሆን እንኳ አንድ ሲል ጠፍቶ ዓመት ሙሉ ሊቆም ይችላል።

ጥያቄ (ከሙኒክ)፦ ክብደቴ 98 ኪሎ ነው። ርካሽ ብስክሌት ክብደቴን ይችላል? የአየር ሾክ ይሻለኛል ወይስ የሞላ?

መልስ፦ መጀመሪያ በመመሪያው ላይ “ከፍተኛ ጠቅላላ ክብደት” የሚለውን ይፈልጉ። ቁጥሩ ነጂውን፣ ልብሱን፣ ቦርሳውን፣ ብዙ ጊዜም ብስክሌቱን ራሱን ይጨምራል። ፍሪራይድ ብስክሌት 16 ወይም 17 ኪሎ ስለሚመዝን 98 ኪሎ የነበረው ቶሎ 120 ይሞላል። ይህን የማይችል ፍሬም አይውሰዱ።

ቀጥሎ የማንሻውን ብዜት ያስሉ፤ ከፋብሪካው ማስታወቂያ ይልቅ ለእርስዎ የሚጠቅመው ይህ ነው። የኋላው ጎማ የሚንቀሳቀስበትን ርዝመት ሾኩ በሚታመቅበት ርዝመት ያካፍሉ። ጎማው 170 ሚሊ ሜትር፣ ሾኩ 65 ሚሊ ሜትር የሚሄድ ከሆነ ብዜቱ 2.6 ነው፤ ጥሩ ነው። 180 ለ57 ከሆነ ግን ከ3.1 ያልፋል። ብዜቱ በጨመረ ቁጥር በሾኩ ላይ የሚያርፈው ኃይል ይበዛል፣ ከባድ ሰውም በአየር ሾክ ላይ የተፈቀደውን የመጨረሻ ግፊት ይነካል። ብዙዎቹ ሾኮች ከ300 እስከ 350 ፒ.ኤስ.አይ (የአየር ግፊት መለኪያ) ብቻ ይፈቅዳሉ፤ የእርስዎ ላይ የተጻፈውን ይመኑ። ክብደትዎን ለመሸከም ወደዚያ ቁጥር ከተጠጉ ሲሎቹ ቶሎ ይለቃሉ።

ስለዚህ ለእርስዎ ሞላ እንመርጣለን። ከአየሩ ይከብዳል፤ ግን ረጅም ቁልቁለት ላይ ሲግል ጠባዩን አይለውጥም፣ የሚያልቅ ሲልም ጥቂት ነው። ሞላ ሲገዙ ግምት አይበቃም፤ ስሌቱ እነሆ። ከነትጥቅዎ 103 ኪሎ ቢሆኑና ከዚያ 65 ኪሎ ያህሉ ኋላ ላይ ቢያርፍ 143 ፓውንድ ነው። በ2.6 ሲባዛ 372 ፓውንድ ይሆናል። ሲቀመጡ ሾኩ በ30 በመቶ ማለትም በ19.5 ሚሊ ሜትር፣ በኢንች 0.77 ገደማ እንዲወርድ ይፈለጋል። 372ን በ0.77 ሲያካፍሉ የሞላው ጥንካሬ 483 ፓውንድ በኢንች ሆኖ ያገኙታል። በገበያ የሚገኘው የቅርቡ 475 ወይም 500 ነው፤ የሚዘልሉ ከሆነ 500ውን ይውሰዱ። ሞላውን ከገጠሙ በኋላ ቀለበቱን ከሁለት ዙር በላይ አጥብቀው ካልሆነ የሚፈለገው ልክ ካልመጣ ሞላው ለእርስዎ ለስላሳ ነው፤ ማጥበቁ መድኃኒት አይሆንም።

ፍሬኑ ከፊትም ከኋላም 200 ወይም 203 ሚሊ ሜትር ዲስክ፣ አራት ፒስተን ይሁን። በ98 ኪሎ ቁልቁለት ላይ 180 ሚሊ ሜትር ዲስክ ይግልና እጀታው እየለሰለሰ ይሄድብዎታል።

ጀርመን ውስጥ ስለሆኑ ይህንንም ልብ ይበሉ። የኮብሌንዙ ካንየንና የፎርክሃይሙ ዋይ.ቲ፣ እንዲሁም ከአንዶራ የሚልከው ኮመንሳል በዋናነት ለገዢው በቀጥታ ይሸጣሉ። በመካከል የሱቅ ትርፍ ስለሌለ በተመሳሳይ ገንዘብ የተሻለ ሹካና ሾክ ያገኛሉ። በምላሹ ብስክሌቱ በካርቶን ይመጣል፤ የመጨረሻውን መገጣጠምና የዋስትናውን ደብዳቤ መጻጻፍ የሚሸከሙት እርስዎ ነዎት።

ጥያቄ (ከዳላስ)፦ የአሉሚኒየም ፍሬሜ በታችኛው ቱቦ ላይ ተሰነጠቀ። ጎበዝ በያጅ አውቃለሁ፤ አስበይደው?

መልስ፦ አያስበይዱት። አብዛኛው ፍሬም የሚሠራበት 6061-ቲ6 አሉሚኒየም ጥንካሬውን የሚያገኘው ከተበየደ በኋላ ሙሉው ፍሬም 530 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ድረስ ግሎ፣ በፍጥነት ቀዝቅዞ፣ ከዚያም በዝቅተኛ ሙቀት ለብዙ ሰዓታት ሲቆይ ነው። ስንጥቁ ላይ ብቻ የተደረገ ብየዳ የአካባቢውን ጥንካሬ ወደ ግማሽ ገደማ ያወርደዋል። ፍሬሙ ይይዛል፣ ለሳምንታትም ያስነዳዎታል፤ ከዚያ ከብየዳው አጠገብ ድንገት ይቆረጣል። የታችኛው ቱቦ ሲቆረጥ ደግሞ ነጂው በፊቱ ነው የሚወድቀው። ይልቁንስ ለአምራቹ ይጻፉ። ዋስትናው ቢያልፍም ብዙ አምራቾች ለነባር ደንበኛ ፍሬም በቅናሽ ይሰጣሉ። የክሮሞሊ ብረት ፍሬም ቢሆን ኖሮ መልሳችን ሌላ ነበር፤ እሱ በአዋቂ እጅ ይበየዳል።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ እህቴ ከአሜሪካ ያገለገለ ፍሪራይድ ብስክሌት ልታመጣልኝ ነው። ምን መለዋወጫ አብራ ታምጣ? እዚህስ ምን አገኛለሁ?

መልስ፦ እዚህ የሚገኘው ከሚያስቡት ይበልጣል፣ ግን በትክክለኛ ቁጥሩ መጠየቅ አለበት። የመታጠፊያዎቹ ኩሽኔታዎች በብዛት መደበኛ መጠን ናቸው፤ ቁጥሩ በኩሽኔታው የጎማ ክዳን ላይ ተጽፏል፦ 6902፣ 6000፣ 6001 የመሳሰሉት። ከቁጥሩ ጎን “2አር.ኤስ” የሚለው ሁለቱም ወገን በጎማ የተከደነ መሆኑን ያሳያል፤ ክፍቱን አይውሰዱ። አንድ ጥንቃቄ አለ፦ ለመታጠፊያ ተብለው የሚሠሩት ኩሽኔታዎች ውስጣቸው በትናንሽ የብረት ኳሶች ጢም ብሎ የተሞላ ስለሆነ ከተራው ይልቅ ብዙ ጭነት ይችላሉ። ተራው በልክ ይገባል፣ ግን ቶሎ ያልቃል። ስለዚህ እህትዎ አንድ ሙሉ ስብስብ ብታመጣ፣ እዚህ የሚገዙት መጠባበቂያ ይሁን።

የፍሬን ዘይት ጉዳይ ትልቅ ስሕተት የሚሠራበት ነው። ሺማኖ የሚሠራው በማዕድን ዘይት ነው። የስራም ፍሬኖች በብዛት ዶት በሚባለው የመኪና ፍሬን ዘይት ዓይነት ይሠራሉ፤ ዲ.ቢ.8 እና ማቨን የመሳሰሉት ግን በማዕድን ዘይት ነው። የእርስዎ ፍሬን ዶት የሚል ከሆነ መኪና ዕቃ የሚሸጥበት ሁሉ መፍትሔ ነው፤ ዶት 4 ወይም 5.1 ይግዙ። ዶት 5 ግን ሲሊኮን ስለሆነ ጨርሶ አይገባም። የማዕድን ዘይት ባለው ፍሬን ውስጥ ዶት ከገባ የውስጥ ጎሚኒዎቹ አብጠው ፍሬኑ በሙሉ ይበላሻል፤ ተቃራኒውም እንዲሁ። እጀታው ላይ የተጻፈውን ሳያነቡ ለማንም አያስከፍቱ። የማዕድን ዘይት ከሆነ ግማሽ ሊትር ታምጣልዎ።

ከባሕር ማዶ መምጣት ያለባቸው እነዚህ ናቸው፦ የማርሽ ቀያሪው ማንጠልጠያ ሁለት ፍሬ (የዚያው ሞዴል መሆኑ በፎቶ ይጣራ፤ በመጀመሪያው መውደቅ የሚታጠፈው እሱ ነው)፣ አራት ጥንድ የፍሬን ሸራ፣ አንድ ሰንሰለትና ሦስት የሰንሰለት ማገናኛ፣ የሹካና የሾክ ሲል ስብስብ፣ የሾክ ፓምፕ፣ የፍሬን ማስተንፈሻ መርፌዎች። የጎማ ፓምፕ ለሾክ አይሆንም፤ ግፊቱ አይደርስም። ከመነዳሪ እዚህ ቢገዙም የቫልቩን ነገር ይዩ። የነዚህ ብስክሌቶች ቸርኬ ብዙውን ጊዜ ለቀጭኑ ቫልቭ በ6.5 ሚሊ ሜትር የተበሳ ስለሆነ እንደ መኪናው ያለው ወፍራም ቫልቭ አይገባም። ቸርኬውን በመሰርሰሪያ ማስፋት በሰፊ ቸርኬ ላይ ይቻላል፣ ጠርዙን ግን በሞረድ ማለስለስ ግድ ነው፤ አለበለዚያ ከመነዳሪውን ይቆርጠዋል።

በክረምት በጭቃ ሲነዱ የፍሬን ሸራ በአስደንጋጭ ፍጥነት ያልቃል። ኦርጋኒክ ከሚባለው ለስላሳ ሸራ ይልቅ ሲንተርድ የሚባለው የብረት ድብልቅ ይቆያል፤ ዲስኩ ላይ “ለኦርጋኒክ ሸራ ብቻ” የሚል ጽሑፍ ካለ ግን አይሆንም። በበጋ ደግሞ ጠላትዎ አቧራ ነው። ከእያንዳንዱ ግልቢያ በኋላ የሹካውን እግር በንጹሕ ጨርቅ ይጥረጉ። በከፍተኛ ግፊት ውኃ አይጠቡት፤ ውኃው ሲሉን አልፎ ኩሽኔታ ውስጥ ይገባል።

ጥያቄ (ከቶሮንቶ)፦ ርካሹን ገዛሁ፤ ደረጃው 5 ነው። አሁን 250 ዶላር ተርፎኛል። ማርሽ ቀያሪውን ላሻሽል?

መልስ፦ አይደለም፤ ጎማውን። አምራቾች ዋጋ ለመቀነስ መጀመሪያ የሚያሳንሱት የጎማውን ግድግዳ ነው። ከኋላ ለቁልቁለት ግልቢያ የሚሠራ ባለ ድርብ ግድግዳ 2.4 ወይም 2.5 ኢንች ጎማ ያድርጉ፤ ከፊት አንድ ደረጃ የቀለለ ይበቃል። ከመነዳሪውን አውጥተው በፈሳሽ ማሸጊያ ይንዱ። 75 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከፊት 23 እስከ 25፣ ከኋላ 26 እስከ 28 ፒ.ኤስ.አይ መነሻ ነው። ቸርኬው ድንጋይ ሲነካ ከሰሙ በሁለት ይጨምሩ። የተረፈውን ለፍሬን ሸራና ለቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ኃይል ለሚለካ ቁልፍ) ያውሉት።

ጥያቄ (ከቴል አቪቭ)፦ አዲስ ብስክሌት ገዝቼ ገና መንዳቴ ነው። ዕድሜው እንዲረዝም በመጀመሪያ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ከሦስትና አራት ግልቢያ በኋላ ብሎኖቹን ሁሉ በቶርክ ቁልፍ ይፈትሹ። አዲስ ዕቃ ቦታውን ሲይዝ ይላላል፤ ላልቶ የተነዳ የመታጠፊያ ብሎን ደግሞ ፍሬሙን ይበላል። የመሪው መያዣ ብሎኖች በብዛት 5 ኒውተን ሜትር ናቸው፤ የመታጠፊያዎቹ ከሞዴል ሞዴል ስለሚለያይ ብሎኑ ራሱ ላይ ወይም በመመሪያው ላይ ያለውን ይከተሉ። ስፖኮቹም በዚያው ጊዜ ይጥበቁ። በፋብሪካ በማሽን የታሰረ ርካሽ ጎማ ከመጀመሪያዎቹ ማረፊያዎች በኋላ ይላላል፣ የላላ ስፖክ ደግሞ በየዙሩ እየታጠፈ ከአንገቱ ይቆረጣል። አንድ ጊዜ በባለሙያ ማስተካከል ጎማውን ለዓመታት ያኖረዋል።

50 ሰዓት ሲሞላ የሹካውን የታችኛ እግር ዘይት ይቀይሩ። በቤት የሚሠራ ነው። አየሩን ሙሉ በሙሉ ያስወጡ፤ ይህ ከተረሳ አደጋ አለው። ከሥር ያሉትን ሁለት ብሎኖች ሦስት ዙር ያህል ብቻ ያላሉና በፕላስቲክ መዶሻ ቀስ አድርገው ይምቷቸው፤ የውስጡ ዘንግ ይላቀቃል። ብሎኖቹን አውጥተው ሥሩ ዕቃ ያስቀምጡ፣ ዘይቱ ይውረድ። የወጣው ዘይት ጥቁርና አሸዋ ያለበት ከሆነ በሚቀጥለው ጊዜ ከ50 ሰዓት ቀድመው ይክፈቱት። የታችኛውን እግር ስበው ያውጡ፣ ውስጡን ክር በማይተው ጨርቅ ይጥረጉ፣ ከሲሉ ሥር ያለውን የስፖንጅ ቀለበት አጥበው በአዲስ ዘይት ይንከሩት። መልሰው እስከ ግማሽ ያስገቡ፣ ሹካውን ዘቅዝቀው በየእግሩ የታዘዘውን መጠን በመርፌ ይጨምሩ። መጠኑ ለግራና ለቀኝ እግር ሊለያይ ስለሚችል የሞዴሉን ሠንጠረዥ ይዩ። የብሎኖቹን ማሸጊያ ቀለበት አዲስ አድርገው በሞዴሉ መመሪያ በታዘዘው ልክ (በሮክሾክስ ሹካዎች 7 ኒውተን ሜትር ገደማ) ያጥብቁ፣ ከዚያ አየሩን ይመልሱ። ከሥር ዘይት ካንጠባጠበ ችግሩ ከማሸጊያ ቀለበቱ ነው፤ ብሎኑን ከልኩ በላይ አያጥብቁት፣ ቀለበቱን ይቀይሩ።